ፈረንሳይ በነጠላ ጫፍ የታሰረች ዕለት

ይህን ታሪክ በቃል ልናገረው ስሞክር መሐል ላይ ሳቅ እየያዘኝ ጨርሼው አላውቅም። ልጆቼም "ኧረ እማዬ፣ ወይ ሳቂ ወይ ንገሪን" እያሉ ትተውኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልሁ። ትምህርቴ እንኳ ብዙ አይደለም። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ጀምሬ፣ ከዚያ በመንግሥት ትምህርት ቤት ጥቂት ክፍል ገፍቼ ቀርቻለሁ። ዘመኑን ግን አልረሳውም፤ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት፣ የካቲት፣ የኔ ሠርግ ሰሞን።

ያሳደገችኝ አክስቴ ይመኙሽ ናት። እኔ እቴቴ ነበር የምላት፤ ጎንደር አራዳ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ እመት ይመኙሽ ይላታል። ጥጥና ፈትል ትነግዳለች። እንጀራዋ እሱ ይሁን እንጂ ፍቅሯ ሙግት ነበር። የራሷ ክስ ባይኖራት የሰው ክስ ለመስማት ትሄዳለች። ሌላው ሰው ለሠርግ እንደሚለብሰው እሷ ለችሎት ትለብሳለች። ማን ቀድሞ እንደሚቆም፣ ዋስ እንዴት እንደሚጠራ፣ መያዣ እንዴት እንደሚነገር፣ የድሮውን ሥርዓት አንድ ሳይቀር ታውቀዋለች። አዲሱ ሕግ በመጽሐፍ ታትሞ ወጥቷል ሲሏት "ይውጣ፤ እኔ ያልታተመውን አውቃለሁ" አለች።

ከሁሉ በላይ የምትወደው ቃል "በሕግ አምላክ" ነበር። ባገራችን ይህን ቃል የተባለ ሰው እርምጃውን ያቆማል። አልፎ ከሄደ፣ እውነት ቢኖረው እንኳ ጥፋተኛ ነው። እቴቴ አንድ ጊዜ ፒያሳ መሐል የበረገገች በቅሎ በሕግ አምላክ ብላ አቁማለች ይባላል። በቅሎዋ የቆመችው ግንቡ ጋር ደርሳ መሄጃ አጥታ ነው የሚሉም አሉ። እቴቴ ግን ያቺን በቅሎ ባገኘቻት ቁጥር "ሕግ አዋቂዋ፣ እንደምን አደርሽ?" ትላት ነበር።

ስቃ የማታወራው ነገር አንድ ብቻ ነበራት። ባሏ አያ ማሩ ጣሊያን ሲመጣ ተምቤን ዘምቶ፣ ከሰማይ የወረደው የመርዝ ጢስ ቆዳውን ልጦት ተመለሰ። ብዙም አልቆየላት። ይህን ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። እሷ ብቻ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ደጅ ያሰጣችውን ጥጥ ሰብስባ ወደ ቤት ታስገባለች። ድምፁ ሲርቅ ደግሞ አውጥታ ታሰጣዋለች። ምነው እቴቴ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

እንግዲህ የኔ እጮኛ አለነ ይባላል። የድብ ባሕር ልጅ ነው፤ አባቱ አያ ክንዱ በደባርቅ መንገድ ላይ ባለችው በዚያች ከተማ የታወቁ ገበሬ ነበሩ። አለነ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጎንደር አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ አድጎ፣ ቋንቋውንም መኪናውንም አብሮ ተምሮ፣ በዚያን ጊዜ የአንድ ፈረንሳዊ ሾፌርና አስተርጓሚ ነበር። ሙሴ ሬኔ እንለዋለን፤ ሙሴ ባገሩ አቶ ማለት ነው። የነገሥታቱን ግንብ በሜትር እየለካ በወረቀት የሚሥል፣ ረጅም፣ ቀይ፣ ሲስቅ ጆሮው የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ከአለነ ጋር የሚነጋገሩት በጣሊያንኛ ነው።

ሠርጋችን በቅበላ ሊሆን ተቆርጧል፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ሠርግ የለም። ጾሙ እንደገባ ደግሞ ሙሴው ጎንደርን ጨርሶ ወደ አስመራ ሊሻገር ነው። አለነ "ካገባሁሽ እቀራለሁ፤ ሠርጉ ከተሰናከለ ግን እዚህ ምን እሠራለሁ? አብሬው ነው የምሄድ" ብሎኛል። አስመራ የሄደ ሾፌር ደግሞ እዚያው ሥራ አግኝቶ፣ እዚያው አግብቶ ነው የሚቀር። በቃ፣ ወይ ቅበላ ወይ አስመራ። በልቤ ውስጥ ሌላ ነገር አልነበረም።

በዚህ መሐል ፈረንሳይ ሰሐራ በረሃ ላይ አቶሚክ ቦምብ አፈነዳች።

ወሬውን የሰማነው ከአያ ወልደ ገብርኤል ሱቅ ነው። አያ ወልደ ገብርኤል የአጥቢያ ዳኛችን ናቸው፤ ችሎት በሌለበት ቀን አቡጀዲ ይሸጣሉ። ከአቡጀዲው ጥቅል በላይ፣ ዳንቴል የለበሰ ራዲዮ አላቸው። ሲመሽ ሲመሽ የሠፈሩ ሰው ደጃፋቸው ይሰበሰባል። እኔና እቴቴም ፈትል ልናስረክብ ሄደን ቆመን ሰማን። ቦምቡ ምን ያህል እንደሆነ፣ ብርሃኑ ከፀሐይ እንደሚበልጥ፣ ነፋሱ አቧራውን እየነዳ አገር ለአገር እንደሚያዞረው ራዲዮው ተናገረ።

"ሰሐራ የት ነው?" አለ አንዱ።

"ከሱዳን ማዶ ነው" አሉ አያ ወልደ ገብርኤል።

"ሱዳንስ?"

"ከመተማ ማዶ።"

"መተማማ ከጭልጋ ማዶ ነው፤ ጭልጋ ደግሞ ያውና!" ብሎ ሰውየው በእጁ ወደ ምዕራብ ጠቆመ። ሁላችንም ዞረን አየን። ሰሐራ በዚያች ደቂቃ ከአዘዞ ወዲህ የመጣ መሰለን።

እቴቴ ከሁሉ ቀድማ ፊቷን ወደ ቤት መለሰች። ቤት ስንደርስ ጥጡን በሙሉ ሰበሰበች። አውሮፕላን አልነበረም።

በማግሥቱም በሠልስቱም ከራዲዮው ሥር አልጠፋችም። ጋና የፈረንሳይን ሀብት አገደች ሲባል እጇን አጨበጨበች። "አገደች! አያችሁ? ይቺ አገር ሥርዓት ታውቃለች። መጀመሪያ እግድ፣ ከዚያ ሙግት!" ሞሮኮ አምባሳደሯን ከፓሪስ ጠራች ሲባል ደግሞ "ሸጋ! ከበዳይ ጋር አንድ መደብ አይቀመጡም" አለች። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞራ፣ "እኛስ? ጎንደርስ ምን አደረገች?" አለቻቸው።

"እመት ይመኙሽ፣ እሱ የመንግሥት ነገር ነው። እኔ የአጥቢያ ዳኛ ነኝ።"

"ጎንደር ውስጥ ፈረንሳይ የለም?"

ሁሉም ዝም ማለት ነበረበት። አንድ አፈኛ ግን "ምነው፣ የአለነ ሙሴ አለ አይደል?" አለ። ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ሰው እስኪሞት ድረስ ሰላም ብዬው አላውቅም።

ቤት እንደገባን እቴቴ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ቆመች፤ ችሎት ስትገባ እንደምትቆመው። "ጽጌሬዳ፣ ሠርጉ ታግዷል።"

"ምን?"

"ፈረንሳይ መልስ እስክትሰጥ ድረስ የፈረንሳይን ደመወዝ ለሚበላ ሰው ልጄን አልሰጥም።"

"እቴቴ! ጋና ያገደችው ገንዘብ ነው፤ አንቺ ምነው እኔን ታግጃለሽ?"

"ጋና ያላትን አገደች። እኔም ያለኝን።"

ሌሊቱን አልቅሼ፣ ጧት ዓይኔ እንደ በርበሬ ቀልቶ ስነሣ እቴቴ የችሎት ልብሷን ለብሳ፣ ባለ ሰፊ ጥለት ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ደረስሁ። ተከተልኋት። መንገዷ ወደ ነገሥታቱ ግቢ ነው።

ሙሴ ሬኔ ግንቡ ሥር ሆኖ ሜትሩን ባንድ ጫፍ ይዟል፤ አለነ በሌላው ጫፍ። እቴቴ በመሐላቸው ገብታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

"በሕግ አምላክ!" አለች።

የሚገርመው፣ ሙሴው ቀጥ ብሎ ቆመ። ገበያ ውስጥ አንድ ቀን ይህን ቃል የተባለ ሰው ሲቆም አይቶ አለነን ምንድነው ብሎ ጠይቆት ኖሯል። አለነም "ካሉህ ቁም" ብሎ መክሮታል። እሱም ቆመ፤ እንዲያውም ኮፍያውን አወለቀ። እቴቴ ትንሽ ግራ ገባት። ሮጦ ያመልጣል፣ እኔም እጮኻለሁ ብላ ነበር ያሰበችው። ቶሎ ብላ ነጠላዋን ዘረጋችና ጫፉን ከሰውየው ኮት ጋር ልትቋጥር ሞከረች። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ እንዲህ ነው፤ የልብሳቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ ቁራኛ ሆነው ይሄዳሉ። ፖሊስ ካቴና ይዞ በሚዞርበት በዚያ ዘመን ቁራኛን ያስታወሰ እሷ ብቻ ነበረች። ግን የፈረንጅ ኮት ጫፍ የለውም። ዞር ዞር ብላ አየችው፤ በመጨረሻ የኮቱን ትልቅ ቁልፍ በጥለቱ ጠቅልላ፣ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ጠበቅ!

አለነ ሜትሩን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። "እመይቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"አንተን አላናገርሁም። ፈረንሳይን ይዣለሁ።"

"ፈረንሳይን?"

"በል ና ተከተል፤ አስተርጓሚ ያስፈልጋል።"

ሙሴው ምን እንደመሰለው በኋላ ነው የሰማነው። የሠርጉ ሥርዓት መሰለው! የሙሽራው አለቃ እንደመሆኑ የሙሽሪት ወገን መጥተው በክብር የሚወስዱት መሰለው። ስለዚህ በደስታ ተንቀሳቀሰ። በፒያሳ ሲያልፉ እሱ ረጅም፣ እቴቴ አጭር፤ አንድ እርምጃ ሲራመድ እሷ ሁለት ትሮጣለች። የተወጠረው ነጠላ በመሐላቸው እንደ ድንኳን ገመድ ይወዛወዛል። ሙሴው ያገኘውን ሁሉ "እንደምን አደራችሁ! እንደምን አደራችሁ!" እያለ እጁን ያወዛውዛል። ሱቁን ትቶ ያልወጣ አልነበረም። ሴቶቹ ነገሩ ሳይገባቸው እልል አሉ። እልልታ ሲሰማ ሙሴው ጭራሽ ደረቱን ነፋ። እኔ ከኋላ፣ ነጠላዬን በአፌ ነክሼ፣ ላልቅስ ወይስ ልሣቅ እያልሁ እከተላለሁ።

አያ ወልደ ገብርኤል አቡጀዲ እየለኩ ነበር። ሲያዩን ክንዳቸው እንደተዘረጋ ቀረ። "ወይ መድኃኔ ዓለም! እመት ይመኙሽ፣ ምን አመጣሽብኝ?"

"ችሎት ይቀመጡ፣ አያ።"

ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ሕዝቡ ከበበ።

"ከሳሽ ማን ናት?" አሉ፣ እንደማያውቋት ሁሉ።

"ይመኙሽ። የማሩ ሚስት።" የአያ ማሩን ስም ከአፏ ስሰማ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር።

"ተከሳሽስ?"

"ፈረንሳይ።"

ሕዝቡ ጉድ! አለ። ዳኛው ጢማቸውን ነካኩ። "ፈረንሳይ በኔ አጥቢያ አይደለችም።"

"ሰውዋ ቤት የተከራየው ግን ባንቱ አጥቢያ ነው። ውሃም የሚቀዳለት ከኛው ጉድጓድ ነው።"

"እመት ይመኙሽ፣ ይህ አንድ ሰው ነው እንጂ መንግሥት አይደለም።"

"ታዲያ ፈረንሳይ ራሷ እስክትመጣ ልጠብቅ? እጇን ባገኘሁበት ያዝሁ! እኔ ከሰማይ የሚወርደውን አውቀዋለሁ፣ አያ ወልደ ገብርኤል። አንቱም ያውቁታል፤ ማሩን ስንቀብር ነበሩ። ነፋስ ዳኛ የለውም፤ ለላኪው ግን ዳኛ አለው ብዬ መጥቻለሁ።"

ከሳቁ መሐል እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

አለነ ክሱን በጣሊያንኛ ነገረው። የሙሴው ፈገግታ ቀስ በቀስ ሲጠፋ አየሁት፤ ጆሮዎቹ እንኳ ወደቁ። ደክሞት ድንጋይ ላይ ቁጭ ሲል እቴቴም በነጠላው ተስባ አብራው ዝቅ አለች። እዚያው ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ተናገረ፤ አለነ ተረጎመ።

"ቦምቡን እኔ አልሠራሁትም፣ ስሰማም ደስ አላለኝም ይላል። እኔ የፈረሰ የምለካ ሰው ነኝ፤ የሚያፈርስ አልወድም ይላል።"

"ሸጋ ነው" አለች እቴቴ፣ ለራሷ ያህል። ቀጥላም፣ "ላገሩ ይህን ነግሯል?"

"አገሬ እኔን አትሰማኝም ይላል።"

"እኔንስ የምትሰማኝ ይመስለዋል? ግን ዝም አላልሁም።" ዞራ ለዳኛው፣ "ዋስ ይጥራ። ፈረንሳይ ሁለተኛ ላታፈነዳ ዋስ ትጥራ፤ ያን ጊዜ እለቃለሁ።"

አያ ወልደ ገብርኤል ሕዝቡን ቃኙ። "ለፈረንሳይ የሚዋስ አለ?"

"ለፈረንሳይ ከምዋስ ለጅብ እዋሳለሁ!" አለ አንዱ። "የጅቡን ጉድጓድ ቢያንስ አውቀዋለሁ!"

ሳቁ አራዳን አናወጠው። ሳቁ ሲበርድ አለነ ሜትሩን በኪሱ ከተተና ወደፊት ራመድ አለ። "እኔ እዋሳለሁ።"

"አንተ?" አለች እቴቴ። "ምን ታስይዛለህ? መኪናው የሱ ነው። ልብስህን እንዳልይዘው ዘይት የጠጣ ነው።"

"ያለኝን ሁሉ።"

"ምን አለህ?"

አለነ ወደኔ አየ። እንግዲህ ይኸ ነው ሀብቱ። እቴቴም አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ያን አስተያየት በኋላ ነው የገባኝ። ከዚያ ተነሣች፤ ሙሴውም አብሯት ተነሣ።

"እንግዲያው ልጄን ያስይዝ። ሠርጉ በቅበላ ይሁን፤ ድብ ባሕርም ይውሰዳት። ፈረንሳይ ደግማ ካፈነዳች ግን መያዣዬን እወስዳለሁ። ጽጌሬዳ ወደ ቤቴ ትመለሳለች።"

ዳኛው ወደኔ ዞሩ። "አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?"

እንደ ዓይን አፋር መሬት ማየት ነበረብኝ። እኔ ግን "ጾሙ ሳይገባ ይሁን እንጂ በሁሉም እሺ ነኝ!" አልሁ፣ ከችሎቱ ውጪ የነበረ ሰው ሁሉ እስኪሰማ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እቴቴ "እፍረት የሚባል አልፈጠረባት" ብላ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ቋጠሮው ግን አልፈታ አለ። ፒያሳን ሁሉ ሲጓተት መጥቶ እንደ ድንጋይ ጠብቋል። ብዙ ሰው ሞከረ። ሙሴው በመጨረሻ ሰንጢ አውጥቶ፣ ነጠላውን ሊቆርጥ ነው ብለን ስንጮህ፣ የገዛ ኮቱን ቁልፍ ክር ቆረጠ። ቁልፉ በእቴቴ ጥለት ውስጥ እንደተቋጠረ ቀረ። እጅ ነሣት፤ እሷም ነሣችው።

ሠርጉ ሆነ! ሙሽራ መኪና አይነዳምና እኛን የነዳን ሙሴ ሬኔ ራሱ ነበር፤ አንድ ቁልፍ በጎደለው ኮቱ። ከፊት እሱ፣ ከኋላ እኔና አለነ፣ ከኛ ኋላ ሚዜዎቹ ተደራርበው። ዳባትን አልፈን ወደ ድብ ባሕር ስንወጣ ብርዱ በመስኮት ይገባል፤ ሚዜዎቹ ይዘፍናሉ፦

የሰውን በረሃ በእሳት ያነደደ፣
በይመኙሽ ነጠላ ታስሮ ተወሰደ!

ሙሴው ትርጉሙን ሲነግሩት መሪውን እየደበደበ ሳቀ። ድብ ባሕር ድንኳን ውስጥ ከእቴቴ ጋር እስክስታ ወረዱ። እሷ ትከሻዋን ስትሰብቅ እሱ ጆሮውን ይሰብቃል። ሰው በሳቅ ወደቀ። ጾሙ ገባ፤ ሙሴውም አስመራ ሄደ። አለነ ቀረ። የኔ ቀረልኝ!

ድብ ባሕር ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ በረደኝ። አማቼ አያ ክንዱ ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ልጃቸውን ገበሬ ሊያደርጉት ቆረጡ። አለነ ደግሞ በሬ እንደ መኪና መስሎታል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይፈልጋል፣ ዳገት ላይ ማርሽ። "ቀይር! ቀይር!" እያለ ሲጮህ በሬዎቹ ዞረው ያዩታል። እኔም ብቻዬን ስሆን የአራዳን ጫጫታ፣ የእቴቴን የጥጥ ሽታ እናፍቃለሁ።

መጋቢት ሲያልቅ ግድም አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ደጃችን ቆመ። ከጭነቱ አናት ላይ፣ አቧራ ለብሳ፣ ባለ ሰፊ ጥለት ነጠላዋን አጣፍታ እቴቴ ወረደች። አያ ክንዱ ሮጠው ተቀበሏት።

"እመት ይመኙሽ! ምን እግር ጣለዎት?"

"ፈረንሳይ።"

"ምን ሆነች?"

"ደግማ አፈነዳች።" ፊቷን አየሁት። ልታዝን ትሞክራለች፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዘ አላት። "መያዣዬን ልወስድ ነው የመጣሁ።"

አያ ክንዱ በቁጣ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ምራቴን? ፈረንሳይ ባፈነዳች ቁጥር ምራቴን እያነሡ ሊወስዱ?"

"ዳኛ ፊት የተነገረ ነው፣ አያ ክንዱ። ልጅዎም ዋስ ነው። ይካዳል?"

አለነ ከበሬዎቹ ኋላ ሆኖ "አልክድም" አለ፤ ደስታው ከድምፁ ያስታውቃል።

አያ ክንዱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ያን ጊዜ ነው ያን የተባረከ ቃል የተናገሩት። "እንግዲያው መያዣውን ከወሰዱ ዋሱንም ይዘውልኝ ይሂዱ! እሱን ማን ይሸከምልኛል? መኪና እየመሰለው ስንት ሞፈር ሰበረብኝ!"

"እወስዳለሁ" አለች እቴቴ፣ ቃሉ ከአፋቸው ሳይወርድ። ወደ ተሰበሰበው ጎረቤት ዞረችና "ምስክር ናችሁ፤ ሰምታችኋል" አለች።

አያ ክንዱ በገዛ ቃላቸው መያዛቸው ያን ጊዜ ገባቸው። ሳቅ ከሆዳቸው ተነሥቶ ዱላቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ይመኙሽ፣ አንቺ እኮ ፈረንሳይን አይደለም ያሰርሽ፣ እኔን ነው!" አሏት። እንግዲህ ከአንቱታው ወርደው አንቺ ያሏት ያን ዕለት ነው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ወዳጅ ሆኑ። ጎንደር በመጡ ቁጥር ማርና ድንች ሳይዙ አይመጡም።

በዚያው መኪና፣ ጭነቱ አናት ላይ ሦስታችንም ተቀምጠን ጎንደር ገባን። ቤት ስደርስ ጓዳው አዲስ ተለስኗል፤ አልጋው ተነጥፏል። ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ ነው። ልስኑ ደግሞ ከደረቀ ሰንብቷል።

"እቴቴ፣ ይህን መቼ አሠራሽው?"

"ሠርግሽ ማግሥት።"

"ፈረንሳይ እንደምትደግም ታውቂ ነበር?"

ጥጧን ማባዘት ጀመረች። "ዓለም ሁሉ ጮኾበት ያልሰማ መንግሥት እኔን ይሰማል ብዬ ነበር መሰለሽ? ዝም አልልም ብዬ ከሰስሁ፤ ከክሱ ደግሞ አንቺ ተረፍሽልኝ።" ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም፣ "እዚያ በረሃ ግመል የሚጠብቅ ሰው አለ ይሆን?" አለች። በማግሥቱ ጧት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስትሰግድ ዋለች። የሰገደችው ለማን እንደሆነ አልነገረችኝም።

አለነ ጋራዥ ገባ፤ ኋላም የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ። እቴቴ ራዲዮውን አልተወችም። በሰኔ የአፍሪካ መንግሥታት አዲስ አበባ ተሰብስበው በምድራችን ላይ ቦምብ አይሞከር ብለው ሲቃወሙ፣ ፒያሳ ድረስ ሄዳ "እንግዲህ ችሎቱ ሰፋ!" እያለች ለሁሉ ነገረች። ፈረንሳይ ሦስተኛውን ስታፈነዳ፣ ናይጄሪያ የፈረንሳይን አምባሳደር ከነጓዙ አባረረች። እቴቴ ያን ዕለት የመጀመሪያ ልጄን ታቅፋ ነበር፤ ወደ ላይ አንሥታ "የአባትሽ ዋስትና ተጠናከረ!" አለቻት።

የሙሴው ቁልፍም ነጠላው ላይ ቀረ። ጥለቱ ሲታጠብ አብሮ ይታጠባል፣ ሲደርቅም አብሮ ይደርቃል። በሃምሳ አምስት ክረምት ታላላቆቹ መንግሥታት በሰማይና በውሃ ውስጥ ቦምብ ላይሞክሩ ተፈራረሙ፣ ብዙ አገሮችም ተከተሉ ሲባል እኔ ደስ ብሎኝ ነጠላውን አመጣሁ።

"እቴቴ፣ ሙግትሽ አለቀ። ቋጠሮውን ልፍታው?"

"ፈረንሳይ ፈርማለች?"

አለነ ከራዲዮው ጆሮውን አነሣ። "አልፈረመችም አሉ፣ እመይቴ።"

"እንግዲያ ተዪው" አለች እቴቴ፣ ነጠላዋን ወደ ራሷ ስባ። "ጽጌሬዳም የትም አትሄድም።" ልጄን አቅፋ ወደ ደጅ ወጣች። ሰማዩን አየች፤ ምንም አልነበረበትም። ጥጧን አሰጣች።

አሁን እቴቴም የለች፣ አለነም የለ፣ አያ ወልደ ገብርኤልም ከነራዲዮአቸው አልፈዋል። እኔ እዚያችው አራዳ፣ እዚያችው ቤት አለሁ። ልጆቼ "እማዬ፣ ፈረንሳይ እኮ በኋላ በሌላ ውል ፈርማለች" ይሉኛል። ሰምቻለሁ። ነጠላው ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ አወጣና ቋጠሮውን እነካካዋለሁ። ቁልፉ ጥቁር ነው፣ አራት ቀዳዳ አለው። አልፈታሁትም። ከፈታሁት ከእቴቴ ቤት ሂጂ የምባል ይመስለኛል።